የቅድስት ባርባራ ጣሳ

ካስቴልፎሶ፣ ሴፕቴምበር 8 ቀን 1964

ለውድ የአጎቴ ልጅ ለሴቲሚዮ፣

ወደ ጉድጓዱ ስትወርድም ስትወጣም እግዚአብሔር ከአንተ አይራቅ። የቤልጂየም ብርድ ገና አልጀመራችሁ ይሆናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ሁላችን ደህና ነን። ፕሪሞ ወገቡን ያመዋል፤ ግን የሚያመው እንጨት ፍለጥ ሲባል ብቻ ስለሆነ ስለ ባሌ አታስብ።

የላክኸው የማዕድን ሠራተኛ መነጽር ደርሶናል፣ እግዜር ይስጥልን። ፕሪሞ አድርጎት ግቢ ውስጥ ሲንጎራደድ ዶሮዎቹ ጮኸው ተበተኑ። እኔ ግን ጥይት ስሞላ አላደርገውም። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ያለ መነጽር ሞልቶ ሁለቱንም ዓይኑን ይዞ ነው የተቀበረው።

አሁን ወደ ደስታዬ ልምጣ። አባቴ የሞተ ጊዜ የአዳኞቹን ጓድ ጥይት፣ ባዶውን ቀለህ በባሩድና በእርሳስ፣ ማን ይሙላ ተብሎ የተነሳውን ጭቅጭቅ ጽፌልህ ነበር። ሴት የሞላችውን ጥይት አንተኩስም ያሉት እነዚያው ሰዎች ዘንድሮ ራሳቸው በሬን እያንኳኩ ነው። ባለፈው እሑድ ጥቂት ለሙከራ ሞልቼ ከባልዶ ጋር ወደ ድንጋይ ካባው ወረድን። ባልዶ ዛሬም የጓዱ አለቃ እንደሆነ ነው፤ ሆዱ ብቻ ጨምሯል። ሁለቴ ተኮሰና ትከሻውን እያሻሸ ዞር አለ።

«አንቺ ልጅ፣ ጥይት ነው የሞላሽው በቅሎ? አባትሽ ኦሬስቴ ራሱ እንዲህ የሚራገጥ ሞልቶ አያውቅም!» አለኝ።

ቀለሁ ጠመንጃው ውስጥ ተጣብቆ በቢላ ጫፍ ነው ፈልቅቆ ያወጣው። እሱም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። አባትሽን በለጥሽው ተባልኩ እኮ ሴቲሚዮ! ይህን ስጽፍልህ ፊትህ ምን እንደሚመስል እያየሁት ነው።

ምስጢሩንም ልንገርህ፣ እንዲቆጭህ። የቅድስት ባርባራ ሥዕል የተለጠፈበትን የአባቴን የባሩድ ጣሳ ታስታውሰዋለህ። እሱ ከሞተ ጀምሮ አንድም ቀን ባዶ ሆኖ አያውቅም። ሊያልቅ ሲል አዲሱን ከላይ እጨምርበታለሁ፤ እንደ ዳቦ እርሾ ማለት ነው። እንዲህ ሳደርግ ከአባቴ ባሩድ ሁልጊዜ ትንሽ ትኖርበታለች። ዘንድሮ ባለሱቁ የድሮው ዓይነት አይመጣም ብሎ ሌላ ሰጠኝ፣ ጠቆር ደቀቅ ያለ። እሱንም እላዩ ላይ ጨመርኩ፣ በአባቴ የቀንድ መስፈሪያ ሰፈርኩ፣ በቅሎው ወጣ።

ኖቬምበር 1፣ በቅዱሳን ሁሉ በዓል ጠዋት ከቅዳሴ ስንወጣ እንደ ልማዳችን ጥይቱን ከሞላው ሰው ቤት አንዱ የአደኑን የመጀመሪያ ጥይት ይተኩሳል፤ ሌላው ሕዝብ ከድንጋዩ አጥር ጀርባ ቆሞ ያያል። አባቴ ራሱ ነበር የሚተኩሰው። እኔ መሙላት እንጂ መተኮስ አይፈቀድልኝም፤ የሰዎቻችንን ነገር ታውቀዋለህ። ስለዚህ ፕሪሞ ነው የሚተኩስልኝ። ከአሁኑ ጢሙን እየተከረከመ ነው።

ከቻልክ ወፍራም የሱፍ ካልሲ ላክለት።

እህትህ ኢሶሊና

*

ሻርለሯ፣ ሴፕቴምበር 20 ቀን 1964

ለእህቴ ለኢሶሊና፣

ሰላምና ጤና ከቤትሽ አይጥፋ። ፕሪሞን ሳሚልኝ፣ ካልሲው በሚቀጥለው ሳምንት ይላካል። እኔ ደህና ነኝ፤ ሳሉ እንዳለ ነው።

ደብዳቤሽን ምሳ ሰዓት ላይ አነበብኩትና ዳቦዬን ሳልበላ ቀረሁ። ቀናሁ። ልደብቅሽም አልፈልግም። ያ ጥይት የሚሞላበት ጠረጴዛ በመስኮቱ በኩል ያለው እግሩ ለምን እንደሚወላገድ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ልጅ ሆኜ ተቀምጬበት የሰበርኩት እኔ ነኛ። አባቴ ሲሞት አባትሽ ናቸው ያሳደጉኝ፤ ለጥይት ያለሽ እጅ ለሌላ ነገር የለህም ይሉኝ ነበር። አሁን እኔ ከሰል እጭራለሁ፣ ባልዶ ያንቺን በር ያንኳኳል።

ይህን ከተናገርኩ በኋላ የምለውን ስሚኝ። ቀለሁ የተጣበቀ ጥይት በረታ አይባልም፣ ታመመ ነው የሚባለው። ትከሻ የሚሰብር ጥይት ሲያዩ አባትሽ ይስቁ ነበር እንዴ? ሥራ አቁመው የሞላነውን ሁሉ ያፈርሱት ነበር። ያ የቀንድ መስፈሪያ ለአንድ ዓይነት ባሩድ ብቻ በእጃቸው እየፋቁ ያስተካከሉት ነው። ለሌላው ባሩድ ያው ልክ ሁለት እጥፍ ጉልበት ሊሆን ይችላል። ጠረጴዛው ላይ ከአንድ ጣሳ በላይ የማያስቀምጡትም፣ የተረፈውን ወደ ራሱ ጣሳ ሳይመልሱ በሩን የማይከፍቱትም ባሩድ ከባሩድ እንዳይቀላቀል ነበር። አንቺ ግን ራሷ ጣሳዋ ውስጥ ቀላቀልሽው። ባሩድ እርሾ አይደለም፣ እህቴ።

የሞላሽውን ሁሉ ለይተሽ አስቀምጪ፣ አንዱም እንዳይተኮስ። ጣሳው ውስጥ ያለውን ግቢ አውጥተሽ ባዶ መሬት ላይ ስስ አድርገሽ በትኚው። ምድጃ ውስጥ እንዳትጨምሪው አደራ። አዲሱን ባሩድ በመጣበት ጣሳ፣ ስሙ እንደተጻፈበት ተይው፤ ልኩንም ባለሱቁን በጽሑፍ ጠይቂው።

የቀንድ መስፈሪያው ከእንግዲህ ስለማይጠቅምሽ ለእኔ ብትልኪልኝ ደስ ይለኛል።

ወንድምሽ ሴቲሚዮ

*

ካስቴልፎሶ፣ ኦክቶበር 11 ቀን 1964

ለሴቲሚዮ፣

እመቤታችን ጤና ትስጥህ። ካልሲው ደርሷል፣ ለፕሪሞ ልክ ነው።

ለመመለስ የቆየሁት ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። ብዕር ባነሳሁ ቁጥር በንዴት የጻፍኩትን እየቀደድኩት ነው። በመጀመሪያው ዓመት ባሩዱ ላይ የሚጠቀጠቀው ውታፍ ደርቋል፣ ጥይቱ እሳት ያመልጠዋል ብለህ ጻፍክልኝ። አላመለጠውም። አምና ደግሞ ወረቀት ቀለህ እርጥበት ይስባል፣ ሰው ታስፈጂያለሽ አልክ። ማን ሞተ? ዘንድሮ ባሩዱ ታመመ! ሐኪም ነህ እንዴ? ከዚያ ሁሉ ማስፈራራት በኋላ ጅራቱ ላይ ምን አለ? የቀንድ መስፈሪያውን ላኪልኝ። እንዲህ ነው እንጂ የኔ አሳቢ! መስፈሪያው ያልፈለግከው ጊዜ ምክርህን እሰማለሁ።

ሳትጠይቀኝ ልንገርህ እንግዲህ። አባቴ የመጨረሻዎቹ ወራት ዓይኑ ሲደክም ጠረጴዛው አጠገብ ወንበር ላይ ይቀመጥና እኔ እሞላ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ኢሶሊና ብሎ አልጠራኝም። «ሴቲሚዮ፣ መብራቱን ወደ ቀለሁ አስጠጋ። ሴቲሚዮ፣ ዳቦ ሳትነካ እጅህን ታጠብ፣ እርሳስ ነክተሃል።» አቤት፣ እለው ነበር። ምን ልበለው? ልብሱን የማጥበው እኔ፣ የማጎርሰው እኔ፣ በአንተ ስም የምጠራው እኔ። ቤልጂየም ተቀምጠህ የአባቴን ልብ ይዘህብኝ ኖረሃል፤ አሁን ደግሞ ጠረጴዛውን ፈለግክ። ቀናሁ አልከኝ። እኔ ምን ልበል?

ለበዓሉ የሚሆነው ጥይት ሁሉ ተሞልቶ አልቋል። የፕሪሞ የጥይት ከረጢት በር ላይ ተሰቅሏል። በቸር ሰንብት።

ኢሶሊና

*

ሻርለሯ፣ ኦክቶበር 19 ቀን 1964

ለእህቴ ለኢሶሊና፣

እግዚአብሔር ቤታችሁን ይጠብቅ። ደብዳቤሽ ዛሬ ደረሰኝ።

ስለ ባሩዱ ከእንግዲህ አንዲት ቃል አልጽፍልሽም። ምቀኛ ነህ አልሽኝ፣ ነኝ። የምቀኛ ሰው ጥያቄ አንዴ ልጠይቅሽና ዝም እላለሁ። ጠረጴዛው አንቺ ጋ ነው፣ ጓዱ አንቺ ጋ ነው፣ መቃብሩም እዚያው ነው። ጣሳውን ስጪኝ። ባዶውን። የቀንድ መስፈሪያውን ተይው፣ ቅድስት ባርባራን ብቻ። እዚህ የማዕድን ሰዎች ጠባቂያችን ናትና በእሷ ቀን ሥራ አንወርድም፤ ሁሉም የየአገሩን ሥዕል ክፍሉ ውስጥ ያቆማል፤ የእኔ ግድግዳ ባዶ ነው።

ኮሲሞ የሚባል የታችኛው መንደር ልጅ እናቱን ሊጠይቅ ከዚህ ወደ እናንተ ሄዷል። የበዓሉ ዋዜማ ላይ ይመለሳል። በእሱ እጅ ላኪልኝ እንጂ በፖስታ አይሆንም፣ ይጨማደዳል። ከዚያ ቀን አታሳልፊብኝ፤ ሌላ ሰው ወዲህ የሚመጣ የለም።

ስትገለብጪው አባትሽ ያደርጉ እንደነበረው አድርጊ፤ በቀን ብርሃን፣ በሩ ተዘግቶ፣ ነጭ ጨርቅ ላይ፣ ቀስ እያልሽ። የተጣበቀ እንዳይቀርበት ሥሩን መታ መታ አድርጊው።

ይህን ብታደርጊልኝ ስለዚያ ጠረጴዛ እስከምሞት ድረስ ከእኔ ምንም አትሰሚም። በቅድስቷ እምልልሻለሁ።

ሴቲሚዮ

*

ካስቴልፎሶ፣ ኖቬምበር 3 ቀን 1964

ለወንድሜ ለሴቲሚዮ፣

አምላክ ያኑርህ። ያኑርህ ስል ዛሬ ለወጉ ያህል አይደለም።

ጣሳውን ኮሲሞ አድርሶልህ ይሆናል። ደብዳቤ ያላያያዝኩበት መጻፍ ስላልቻልኩ ነው። ሥሩ ለምን እንደተበሳሳ እነግርሃለሁ፤ ግን ከመጀመሪያው ልጀምር።

ደብዳቤህ ሲደርሰኝ መጀመሪያ ሳቅሁ። ይኸው ወጣ የሆዱ፣ አልኩ። ከዚያ ደግሞ ውሰዳት፣ ልገላገልህ፣ አልኩ። ጣሳዋን ከተውኩልህ ለዘላለም ዝም ትላለህ፤ አባቴም ጠረጴዛውም የእኔ ብቻ ይሆናሉ። ለአንተ በማዘን እንዳይመስልህ። ኮሲሞ ከሚሄድበት ቀን በፊት ባለው ቀን ከምሳ በኋላ በሩን ዘጋሁ፣ የጥሎሼን ነጭ የጠረጴዛ ልብስ አነጠፍኩ፣ ጣሳውን ገለበጥኩ።

መጀመሪያ የወረደው ጥቁር ነው፣ ደቃቅ፣ አዲሱ። ከዚያ ሥሩን መታ መታ ሳደርግ ግራጫው መጣ፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት ጠፍጣፋው፣ የአባቴ። ጥቁሩ ላይ ወርዶ ቆመ። ጣሳው ውስጥ ሆኖ ተዋህዷል ብዬ ነበር የማስበው። አልተዋሃደም። በማንኪያ አንዱን ጎን ስዘግን ጥቁር ብቻ፣ ሌላውን ጎን ስዘግን ግራጫ ብቻ፣ መሐሉ ላይ ድብልቅ። ያኔ ነው የገባኝ፣ ሴቲሚዮ። ሁሉንም በአንድ መስፈሪያ ነው የሰፈርኩት። በየትኛው ቀለህ ውስጥ የትኛው እንደገባ እኔ አላውቅም፣ ማንም አያውቅም። የፕሪሞ ከረጢት ደግሞ በሩ ላይ ተሰቅሏል።

ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩና የመጣብኝ ሐሳብ ምን እንደነበር ልንገርህ? ፕሪሞ አይደለም የመጣብኝ። ሴቲሚዮ ልክ ነበር፣ የሚለው ነው የመጣብኝ። ከዚያ በኋላ ነው ባሌ ትዝ ያለኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ባልዶ ቤት ሄድኩ። ወንዶቹ ሁሉ እዚያው ወይን ይጠጡ ነበር።

«የሞላሁት ጥይት በሙሉ መጥፎ ነው፣ መልሱልኝ» አልኩ።

«ምን ሆንሽ አንቺ? በቅሎዋን አሁን ፈራሻት?» አለ ባልዶ። ሳቁብኝ። አንዱማ «ያልኩት ይሄን ነበር፣ ሴትና ባሩድ» ብሎ ጀመረ።

«ቀላቅዬዋለሁ» አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ሳቁ ቆመ።

ባልዶ ያባቱን አሮጌ ጠመንጃ አወጣ። ካባው ውስጥ ከጋሪ ጎማ ጋር በገመድ ጠፍረው አሰሩት፣ ቃታው ላይ ረጅም ሲባጎ አሰሩ፣ ሁላችንም ከድንጋዩ ጀርባ ገባን። ከፕሪሞ ከረጢት የመጀመሪያውን አጎረሱት። ተኮሰ። ምንም አልሆነም። ፕሪሞ እጄን ያዝ አድርጎ «አየሽ? አስፈራራሽኝ በከንቱ» አለኝ። ሌላ አጎረሱት። ይሄኛው ድምፁ ራሱ የተለየ ነበር። ወጥተን ስናይ የጠመንጃው ቱቦ በግራ ጎኑ መዳፌን የሚያህል ተከፍቷል። የተኳሹ ግራ እጅ የሚይዝበት ቦታ ላይ፣ ዓይኑም ከዚያ በላይ ነው። የተቀደደው ብረት የጋሪውን ጎማ እንጨት ሰንጥቆታል።

ባልዶ ባርኔጣውን አወለቀ። ፕሪሞ ሄዶ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ጢሙን እንዴት አሳምሮ ተከርክሞ እንደነበር ብታይ።

«ማን ነገረሽ?» አለኝ ባልዶ።

ዋሽቼ ራሴ አየሁት ማለት እችል ነበር። ማየቱንስ ራሴ ነኝ ያየሁት።

«ሴቲሚዮ ጽፎልኝ ነበር፣ በሴፕቴምበር» አልኩ።

«ኦሬስቴ ያ ልጅ ዓይን አለው ይል ነበር» አለ። እዚያ፣ የባሌ ሕይወት በተረፈበት ቦታ ቆሜ፣ ጥርሴ እስኪያመኝ ቀናሁብህ። ከልቤ ነው የምነግርህ፣ ደስ ብሎኝም ነበር፣ ቀናሁም።

ዘንድሮ ጓዱ ከከተማ ጥይት ገዝቶ ወጣ። የበዓሉ ዕለት ማንም አልተኮሰም፤ አጥሩ ጋ እንደ ልማዳችን ቆምንና ወደ ቤታችን ገባን። ትናንት ግን ባልዶ የቀለህ ሳጥኑን ተሸክሞ መጣና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። «ለጃንዋሪ አደን ትሞያለሽ። በነጭ ጨርቅ ላይ» አለኝ። ይሄን ያደረገው ስላዘነልኝ ይሁን ስላመነኝ አላወቅሁም።

ባሩዱን እንዳልከኝ ግቢው ላይ ስስ አድርጌ በተንኩት። የአባቴም አብሮ ሄደ። ይሄ ነው ያስለቀሰኝ። ጣሳውን በሚስማር የበሳሁት አንተ ላይ ተናድጄ አይደለም። ከእንግዲህ ማንም፣ አንተም እንኳ ብትሆን፣ በፍቅርም ይሁን በምን ባሩድ እንዳያስቀምጥበት ነው። ሥዕሏን አልነካኋትም።

አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ። ጣሳውን የጠየቅከኝ እንድገለብጠው ብለህ ነው? ወይስ እውነት ፈልገኸው ነበር?

ኢሶሊና

*

ሻርለሯ፣ ኖቬምበር 14 ቀን 1964

ለእህቴ ለኢሶሊና፣

ፕሪሞን ላተረፈልን አምላክ ምስጋና ይሁን። ደብዳቤሽ እስኪደርስ ድረስ ምን ሆኜ እንደሰነበትኩ አልነግርሽም። ኮሲሞ ጣሳውን ሲያመጣልኝ የተበሳሳውን ሥሩን አይቼ ገብቶኛል። «ሰው ሞቷል?» አልኩት። «ማን ይሞታል? ያቺ ዘመድህ ግን አብዳለች፣ ጣሳ በሚስማር ስትወጋ አየኋት» አለኝ። ያን ቀን ዳቦዬን በላሁ።

ለጥያቄሽ፦ እንድትገለብጪው ብዬ ነው። እውነትም ፈልጌው ነበር። ሁለቱም ነው። ልምከርሽ ብል አልሰማሽኝም፤ ደግሞስ እንዴት ትሰሚኝ? ውታፉ ደረቀ ያልኩሽ ቀን ውታፉ ደርቆ አልነበረም። ስለዚህ ከእኔ በኩል የምታምኚው ምን ቀረ ብዬ አሰብኩ። ቅናቴ። እሱን ታምኚዋለሽ። እሱን ነው የጻፍኩልሽ፤ አንዲት ቃል አልዋሸሁም።

ጣሳው መስኮቴ ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት ብርሃኑ በቀዳዳዎቹ ገብቶ ግድግዳው ላይ ይወርዳል። ጓደኞቼ ምንድነው ይሉኛል፣ ውርሴ ነው እላቸዋለሁ። ይቀናሉ።

የቀንድ መስፈሪያውን ስበሪው። ለእኔም አትላኪልኝ። የሚሰፍረው ባሩድ ከእንግዲህ አይሸጥም፤ ሰው እጅ ላይ ከቆየ አንድ ቀን አንዱ ይሰፍርበታል።

አሁን ደግሞ እኔ ሳትጠይቂኝ ልንገርሽ። አባትሽ በእኔ ስም ይጠሩሽ እንደነበር ጽፈሽልኝ ነበር። እኔን እዚያ ጠረጴዛ ላይ ያስተማሩኝ ዓመታት ሁሉ ምን ብለው ይጠሩኝ እንደነበር ታውቂያለሽ? አልዱይኖ። የአባቴን ስም። ሁለቱ ወንድማማቾች ናቸው አብረው መሙላት የጀመሩት። «አልዱይኖ፣ አንድ ጣሳ ብቻ። አልዱይኖ፣ አትናገር፣ እየሰፈርክ ነው።» አቤት፣ እላቸው ነበር። ከእኔ የተሻለ የሚሞላ ሰው ናፍቋቸው ነው ብዬ በሞተ አባቴ ቀናሁ፤ አገር ጥዬ የመጣሁት ከፊሉ በዚያ ነው። ለማንም ነግሬ አላውቅም። ሴቲሚዮ ብለው የጠሩኝ፣ አሁን ካንቺ እንደሰማሁት፣ ከሄድኩ በኋላ ነው፤ እሱንም አንቺን።

ማጠቢያው ጋ ሳሙና አስቀምጪ። ፕሪሞን ሳሚልኝ፣ በጃንዋሪ ሲተኩስልሽ መነጽሩን ያድርግ። ዶሮዎቹ ይሽሹ።

ወንድምሽ ሴቲሚዮ